ደብዳቤ ለልጄ፦ ለተረበሸ ሰው «ተረጋጊ» አይባልም

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ? መሥሪያ ቤታችሁ መዋቅር ሊቀይር ነው፣ ማን እንደሚቆይ ማን እንደሚሰናበት የሚናገር ጠፋ ካልሽኝ ጀምሮ ሐሳቤ አንቺ ጋ ነው። እንቅልፍም እንቢ ብሎሻል። «ተረጋጊ» አልልሽም፤ ተረጋጊ ስለተባለ የተረጋጋ ሰው አይቼ አላውቅም።

አንድ ጥናት ግን ልንገርሽ። ዴቪድ ግላስና ጀሮም ሲንገር የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን ሳይታሰብ እየመጣ በሚጮህ ድምፅ ረበሿቸው። ለከፊሎቹ ቁልፍ ሰጧቸውና «በጣም ካስቸገራችሁ ተጭናችሁ አስቁሙት፣ ባትነኩት ግን ደስ ይለናል» አሏቸው። አብዛኞቹ አልነኩትም። ስለዚህ የሰሙት ጫጫታ ቁልፍ ካልተሰጣቸው ጋር ያው ነው። በኋላ ጩኸቱ ቆሞ ሥራ ሲሰጣቸው ግን ቁልፉ የነበራቸው ቶሎ ተስፋ አልቆረጡም፣ ስህተታቸውም አነሰ። ጩኸቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሰውን ይበልጥ የጎዳው «ምንም ማድረግ አልችልም» የሚለው ስሜት ነው። አንቺንም እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል።

ሰው ሲሰባሰብ ደግሞ ይብሳል። የረበሸውን ነገር መጨበጥ ሲያቅተው የሚጨብጠው ሰው ይፈልጋል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1348 እና 1349 ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያጠፋ ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም፤ አይሁዶች የውኃ ጉድጓድ መርዘዋል ተባለና ብዙዎቹ ተጨፈጨፉ። የናንተ ቢሮ እዚያ አይደርስም፣ አውቃለሁ። ግን «ለአለቃ ወሬ የሚያቀብለው እገሌ ነው» የሚለው ሹክሹክታም የሚወለደው ከዚያው ስሜት ነው። ሲጀመር ተነስተሽ ሂጂ።

ሌላም መንገድ አለ። በፈረንጆቹ 1755 የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ብዙዎች የፈጣሪ ቁጣ ነው አሉ። በኋላ ማርኪስ ፖምባል የተባለው ሚኒስትር ግን ለየአጥቢያው መጠይቅ ላከ፦ መንቀጥቀጡ ምን ያህል ቆየ? ባሕሩ መጀመሪያ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ? ስንት ሰው ሞተ? መልሶቹ እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን ያገለግላሉ። (ችግር ያጠነክራል የሚባለውን ወሬ ግን አልወደውም። እዚያ የሞቱትን ምንም አላጠነከራቸውም።)

አንቺም አለቃሽን በጽሑፍ ጠይቂው። ውሳኔው መቼ ነው? መስፈርቱ ምንድነው? የሚሰናበት ሰው ምን ይከፈለዋል? ሲቪሽንም ሳትውዪ ሳታድሪ አዘጋጂ። ሲመልስልሽ ደውዪልኝ፣ ዝም ካለሽም ደውዪልኝና ቀጥሎ ማንን እንደምትጠይቂ አብረን እናያለን።