ከሮም ተመልሼ የጻፍኩልሽ

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበት ተሻላቸው? ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን ሳልጨርሰው ከወንበሬ አልነሳም።

አባትሽ፣ አባባ፣ ያረፉ ጊዜ አልደወልኩልሽም። ወሬውን የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ምን ብዬ ላጽናናት እያልኩ ሳስብ አርባቸው አለፈ። ከዚያ ደግሞ እስካሁን ሳልደውል አሁን በምን ፊቴ አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሞላ። ምክንያት አልደረድርልሽም። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ።

ዛሬ ለምን ጻፍሽ ብትዪኝ ነገሩ ሮም ላይ ነው የጀመረው።

ሰኔ ላይ ከኮሌጃችን 12 ተማሪዎች ይዤ ለአራት ሳምንት ሮም ነበርኩ። እዚህ አሜሪካ እንዲህ ያለ ልማድ አለ። አስተማሪ ተማሪዎቹን ይዞ ባሕር ማዶ ይሄዳል፣ ትምህርቱን እዚያው ይሰጣል፣ ማርኩም እንደማንኛውም ኮርስ ይያዛል። ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው። የሰው ልጅ አደራ ከባድ ነው እህቴ። ኮሌጁ ለድንገተኛ ነገር ብሎ የሰጠኝን ስልክ ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የማድረው። በሁለተኛው ሳምንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸ። አንዷ ልጅ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ፓስፖርቷን ተሰርቃለች፤ ያወቀችው ገና ያኔ ነው። ሲነጋ ቪያ ቬኔቶ ወዳለው የአሜሪካ ኤምባሲ ይዣት ሄድኩ። ጊዜያዊ ፓስፖርት እስኪሰጧት ድረስ እጄን አልለቀቀችም። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ያን ቀን ግን ሕፃን ነበረች።

አንዱ ተማሪዬ ደግሞ የኛ ልጅ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው አሜሪካ የመጣው። ግሪን ካርድ አለው፣ ፓስፖርቱ ግን የኢትዮጵያ ነው። አሥራ አንዱ ያለ ምንም ቪዛ ሲገቡ እሱ ብቻ ለሸንገን ቪዛ፣ ጣሊያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሚያገለግለው የጋራ ቪዛ፣ ቀጠሮ፣ የባንክ ወረቀት፣ ኢንሹራንስ፣ የኮሌጅ ደብዳቤ ሲያሯሩጠው ከረመ። ቪዛው የወጣው ልንነሳ አራት ቀን ሲቀረን ነው። አንድም ቀን አላማረረም። እኔ ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ተማሪ የሚወስድ ሁሉ ማን የየትኛውን አገር ፓስፖርት እንደያዘ በመጀመሪያው ስብሰባ ሊጠይቅ ይገባል። እኔ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው።

ፕሮግራሙ በየሰዓቱ የታጨቀ ነበር። ጠዋት ሙዚየም፣ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ ሪፖርት። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ በዚያ ሙቀት ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚያይ፣ ልባቸው የለም። ግማሹን ሰረዝኩት። ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ቦታ ብቻ ሆነ። እየተራመድን፣ በየመንገዱ ካለው ቧንቧ ውኃ እየጠጣን፣ እየተቀመጥን። ሰው ቁጭ ብሎ ያላየውን ነገር አያስታውሰውም።

አንድ ቀን ምንም ወደሌለበት ቦታ ወሰድኳቸው። ፖርታ ካፔና ይባላል። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት አደባባይ ነው። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲጀመር ግን የሙሶሊኒ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር። ልጆቹ ዙሪያውን ቢያዩ መኪና ብቻ ነው። ሐውልቱ በነበረበት አካባቢ በመስከረም አንዱ የኒውዮርክ ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል። ያን ሲያዩ ዝም አሉ፤ የራሳቸው ሐዘን ነዋ። የእኛን የነገርኳቸው እዚያው ቆመን ነው። 24 ሜትር የሚሆን ድንጋይ ከአክሱም ተጭኖ መጥቶ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. እዚህ ተተከለ። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. የሰላም ውል ስትፈርም የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። ሐውልቱ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። አንዱ ልጅ በጣቱ ቆጠረና «58 ዓመት?» አለ ጮክ ብሎ። አዎ፣ 58 ዓመት።

ሚያዝያ 1997ን ታስታውሻለሽ? የሐውልቱ የመጀመሪያ ቁራጭ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ሲደርስ እናንተ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ነበርን። አባባ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። እኛም ተከትለን ቆምን።

ስለ አበበ ቢቂላም እዚያው ነው ያወራናቸው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው፣ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ሞሮኳዊውን ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከዚያ ሩጫው እስካለቀበት እስከ ቆንስጣንጢኖስ ቅስት ድረስ በእግራችን ሄድን። ያ የኛ ልጅ ጫማውን አውልቆ ያዘ። ማንም አላለውም። የሮም የድንጋይ ንጣፍ እግር ይልጣል፣ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሄደ።

በመጨረሻው ሳምንት ቫቲካን ነበርን። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ ሆነሽ ወደ አትክልቱ ስታዪ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይታያል። ከ500 ዓመት በፊት የኛ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ግቢ ነው። ከደብረ ሊባኖስ ተነስተው ሮም የገቡት አባ ተስፋ ጽዮን እዚህ ሆነው ነው በ1541 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት። ለልጆቹ የነገርኳቸው አባ ተስፋ ጽዮን ለአንባቢ የጻፉትን ይቅርታ ነው። ፊደል የደረደሩት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ መደርደር አንችልም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን፣ እነሱንም እኛንም ይቅር በሉን ይላሉ።

ይህን ስናገር ድምፄ ተቆረጠ። መጀመሪያ የሰማሁት ከማን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባባ በራፋችሁ ላይ፣ ከዚያ ግራር ሥር፣ ግዕዝ ሲያስቆጥሩን የነገሩን ነው። «ስሕተት ሲኖር እንዲህ ነው የሚባለው ልጆቼ» ብለውን ነበር። ያ ልጅ ቀረብ አለና «መምህርት፣ ግዕዝ ማን ነው ያስተማረዎት?» አለኝ። የጓደኛዬ አባት አልኩት። «በሕይወት አሉ?» አለኝ። መመለስ አቃተኝ። ለእሱ ያልመለስኩትን ላንቺ ሳልጽፍ መኖር እንደማልችል ያን ሌሊት ገባኝ።

ልጁ ግዕዝ ልማር ብሎ ይዞኛል። ማታ ማታ ከፊደል ጀምረናል። አባባ ውዳሴ ማርያም ሲያደርሱ የቀዳሽበት ካሴት ነበር። አለ? ካለ አንድ ሰው በስልክ እንዲቀዳልሽ አድርጊና ላኪልኝ። እንዲሰማው የምፈልገው ያን ንባብ ነው። ለራሴም እፈልገዋለሁ።

እሁድ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ቁጥርሽን አልቀየርሽም ብዬ ነው። ካላነሳሽው ሰኞም እደውላለሁ። እስከዚያው የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

ያንቺው እህት
ከሜሪላንድ