ለደንበኞቻችን፦ የ45 ካርቶን ዋጋ ለምን ተቀየረ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ሲጮህ ነው የሰነበተው። «ፕሮግራምህ ዋጋ ጨመረብን» ያላችሁኝ አላችሁ። «ደንበኛዬ ፊት አሳፈርከኝ» ያሉኝም አሉ። አንድ የጥንት ደንበኛዬ ደግሞ ሳልጨርስ ስልኩን ዘጉብኝ። ከሁሉም ያመመኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ይቅርታ። አርብ ማታ የሽያጭ ፕሮግራማችን ዋጋ የሚመርጥበትን መንገድ ቀይረን ስንልክላችሁ ቀድመን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። አልነገርናችሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለውጡን ግን አልመልሰውም። ምክንያቱ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የዋጋ ሰንጠረዣችሁን አስቡት። አብዛኞቻችሁ ያላችሁ አራት መስመር ነው፦ ከ1፣ ከ10፣ ከ50 እና ከ100 ካርቶን ጀምሮ። የ45 መስመር የለም። ስለዚህ 45 ሲጻፍለት ፕሮግራሙ ጎረቤት ይፈልጋል። ከታች 10 አለ፣ ከላይ 50 አለ። የቱን ይውሰድ? የተጣላነው እዚህ ላይ ነው።

የድሮው ፕሮግራም የሚቀርበውን ይወስድ ነበር። 45 ለ50 ስለሚቀርብ በ50 ዋጋ ይሸጣል። የ10ሩ ዋጋ 1,200 ብር፣ የ50ው 1,180 ብር ቢሆን፣ 45 ካርቶን ላይ 900 ብር ቀረ ማለት ነው። ከማን ኪስ? ከእናንተ። 31 ካርቶን የወሰደ ሰው እንኳ የ50 ዋጋ ሲያገኝ ከርሟል። ልክ 30 ሲሆን ወዴት እንደሚያዘነብል ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ስጽፈው አላሰብኩበትም ነበር።

የጻፍኩት መርካቶ፣ አንድ የጅምላ መጋዘን ውስጥ ነው። ላፕቶፔን የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀምጬ፣ መብራት ሲሄድ ባትሪው እስኪያልቅ እየተሽቀዳደምኩ። ባለ መጋዘኑ «ልጄ፣ ደብተሩ አደከመኝ» ብለው ነው ያስጀመሩኝ። ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው። ያኔ «የሚቀርበው» የሚለው ነገር ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ጉዱን ያወጣው ካርቶን አይደለም፣ ዶላር ነው። አንድ አስመጪ ደንበኛችን ዋጋቸውን በዶላር አስልተው ወደ ብር ይመነዝራሉ። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የዕለቱን ምንዛሪ ያስገባሉ፤ እሁድ አያስገቡም። አንድ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዕቃ ሸጡ። ደረሰኙ በቅዳሜው ምንዛሪ ወጣ። ሰኞ ገዢው ቅጂ ቢጠይቅ፣ ያው ደረሰኝ ሌላ ድምር ይዞ ብቅ አለ!

አንድ ሌሊት ሙሉ ፈለግኩት። ለካ ፕሮግራሙ ምንዛሪውንም የሚመርጠው በሰዓት «የሚቀርበውን» ብሎ ነበር። ከቅዳሜ 3 ሰዓት እስከ እሁድ 8 ሰዓት 29 ሰዓት ነው። ከእሁድ 8 ሰዓት እስከ ሰኞ 3 ሰዓት ግን 19 ብቻ። ሰኞ አዲሱ ምንዛሪ ሲገባ የሚቀርበው እሱ ሆነ። የእሁዱን ሽያጭ፣ እሁድ ላይ ባልነበረ ዋጋ አሰላው ማለት ነው። ድሮ ምንዛሪው በሳንቲም ስለሚንፏቀቅ ማንም ልብ አላለውም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ሲወሰን ነው የታየው።

ነገሩን በዳቦ ሰልፍ ላስረዳ። አዲስ የመጣ ሰው «ከማን ቀጥዬ ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቦታው ይታወቃል። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትሪማፕ የሚባል የሰንጠረዥ ዓይነት አለ፤ እንደዚያ ሰልፍ ነው። ቁልፎቹ፣ ማለትም እንደ 10 እና 50 ያሉት የመስመር መነሻዎች፣ በተራቸው ስለሚቆሙ፣ ሰንጠረዡ ላይ ለሌለ ቁጥርም ጎረቤቱን ይነግራችኋል። ሃሽማፕ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን የሰርግ ድንኳን ነው። በስም ከጠራችሁት ሰውየው ወዲያው ይመጣል፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ትሪማፕ ሚሊዮን መስመር ቢኖረው እንኳ ከ40 ባነሰ ማወዳደር ጎረቤቱን ያገኛል።

ትሪማፕ ስለ ጎረቤት የሚጠየቀው ጥያቄ አራት ነው። ፍሎርኪ እኩሉን፣ ከሌለ ከታች ያለውን ያመጣል። ሲሊንግኪ እኩሉን፣ ከሌለ ከላይ ያለውን። ሎወርኪ እና ሃየርኪ እኩሉን ዘለው የታችና የላይ ጎረቤት ብቻ ይሰጣሉ። «የሚቀርበው» የሚል ጥያቄ የለም። እኔ ነኝ ከሁለቱ አጣምሬ የፈጠርኩት። አሁን ሁሉንም ወደ ፍሎርኪ መልሼዋለሁ። የእሁድ ሽያጭ የቅዳሜን ምንዛሪ ይወስዳል። 45 ካርቶን የ10ን ዋጋ ይወስዳል። «ከ50 ጀምሮ» ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ 45 ደግሞ 50 አልሞላም።

አንዱ ወቀሳችሁ ግን ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ግማሽ ካርቶን የሸጣችሁ ሰዎች ቅዳሜ ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎባችኋል። ግማሽ ከ1 በታች ነው፤ ከታቹ ማንም ስለሌለ ፍሎርኪ ባዶ እጁን ተመለሰ፣ እኛም ባዶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አልጻፍንም። እሁድ ተስተካክሏል። አሁን ከ1 በታች ሲሆን በ1 ካርቶን ዋጋ ያሰላል።

«ክፍያ ሊጨምርብን መንገድ እየጠረገ ነው» የሚል ወሬም ደርሶኛል። ይቺ ከነከነችኝ። የሰርቨር ኪራያችንን የምንከፍለው በዶላር ነው። ዶላሩ 57 ብር አካባቢ እያለ የተዋዋልነውን፣ ከ130 ብር በላይ ከገባም በኋላ እየከፈልኩ ነው። የእናንተ ዓመታዊ ክፍያ ላይ ግን አንድ ሳንቲም አልጨመርኩም። ወደፊትም አልጨምርም ብዬ አልምልም፤ ብጨምር ግን ነግሬያችሁ እንጂ በ45 ካርቶን አሳብቤ አይደለም።

ለደንበኛችሁ ቅናሽ ማድረግ ከፈለጋችሁ መብታችሁ ነው። «የዋጋ ሰንጠረዥ» ውስጥ ግቡና የ31 መስመር ጨምራችሁ የ50ን ዋጋ ጻፉበት። 45 የመጣ ሰው የታች ጎረቤቱ 31 ይሆናል፣ የድሮውን ዋጋ ያገኛል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ካልሆነላችሁ ደውሉልኝ፣ እኔው እሠራዋለሁ። መርካቶ ላላችሁ ሐሙስ ከሰዓት በየሱቃችሁ እዞራለሁ።

ስልኩን የዘጉብኝ ጋሼም ጋ እመጣለሁ። ቡናው በእኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት