ሪሴቱን ከመጫንሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን። ትናንት በስልክ የነገርሽኝ የፋኑ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ስናቆመው ድራይቩ ትሪፕ ያደርጋል፣ ኦቨርቮልቴጅ ይላል፣ ሪሴት እናደርገዋለን፣ ደግሞ ይሠራል» ነበር ያልሽኝ። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ድራይቭ ቮልቴጅ በዛብኝ ብሎ ራሱን ይዘጋል ማለት ነው። አለቆችሽ ድራይቩ ይቀየር እያሉ ነው። እኔ ግን ገና አይቀየር ባይ ነኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ በደንብ ስላልተነጋገርን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

መጀመሪያ ስለ ራስሽ። ብሬከሩ ስለወረደ ድራይቩ ሞቷል ማለት አይደለም። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። 400 ቮልት የሚገባው ድራይቭ ውስጥ ካፓሲተሮቹ ላይ ያለው ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ወደ 565 ቮልት ይደርሳል። ስክሪኑ ጨለመ ብለሽ ክዳኑን እንዳትከፍቺ። ብሬከሩን አውርጂ፣ ቆልፊ፣ ቁልፉን ኪስሽ ክተቺ። ከዚያ ድራይቩ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቂ። ብዙ ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፤ ትልልቆቹ ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ደቂቃው ቢሞላም በሜትር ሳትለኪ እንዳትነኪ። ሜትሩ ራሱ መሥራቱንም አስቀድመሽ ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ሞክሪው። ይቺን አንዷን ነገር ቃል ግቢልኝ።

አሁን ወደ ፋንሽ። ትልቅ ፋን ከባድ ነው። አንዴ ከዞረ በራሱ ጉልበት መዞሩን ይቀጥላል። ድራይቩን «በ10 ሰከንድ አቁመው» ስትዪው ሞተሩ ጄነሬተር ይሆናል። ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ፣ ወደ ካፓሲተሮቹ ይገፋዋል። ቮልቴጁ ይወጣል፣ ይወጣል፣ በመጨረሻ ድራይቩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ስለዚህ የማቆሚያ ጊዜውን አርዝሚው። 10 ከነበረ 60 አድርጊው፣ ካልበቃ 90። ፋኑ ቶሎ መቆም የማያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ድራይቩ ይልቀቀውና በራሱ ጊዜ ይቁም። የግድ ቶሎ ይቁም ከተባለ ያኔ ያንን ትርፍ ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያጠፋ ብሬኪንግ ሬዚስተር ያስፈልገዋል።

ግን በራሱ እንዲቆም ከለቀቅሽው አንድ ነገር ልብ በዪ። ሙሉ በሙሉ ሳይቆም መልሰው ቢያስነሱትስ?

እኔን እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ክፉኛ አስተምሮኛል። አንድ ፋን በየጠዋቱ ሲነሳ ኦቨርከረንት (ከረንት በዛብኝ) እያለ አስቸገረኝ። ሞተሩን የሽቦ ሽፋንን በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚፈትሸው በሜገር ለካሁ፣ ደህና ነው። ኬብሉም ደህና። ድራይቩን ቀየርኩት። በማግስቱ ጠዋት አዲሱ ድራይቭ ያንኑ ኮድ አወጣ! ያን ጊዜ ነው መሰላል ወጥቼ በመፈተሻው መስኮት ወደ ውስጥ ያየሁት። ኤሌክትሪክ የሌለው ፋን ይዞራል። ያውም ወደ ኋላ። ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ክንፎቹን አንድ በአንድ መቁጠር እስኪቻል። ከጎኑ ያለው ፋን የሚገፋው አየር በዚህኛው በኩል ይመለሳል። አየሩን መከልከል የነበረበት ዳምፐር በቅባትና በአቧራ ተጣብቆ ክፍት ቀርቷል። ድራይቩ የቆመ ሞተር አስነሳለሁ ሲል ወደ ኋላ የሚዞር ብረት ይገጥመዋል። ዳምፐሩን አጸዳሁ፣ እየዞረ ያለን ሞተር ፍጥነቱን አውቆ እንዲይዘው የሚያደርገውን ፍላይንግ ስታርት የሚባለውን ሴቲንግ ከፈትኩ፣ አለቀ። ነቅዬ የጣልኩት ድራይቭ ምንም አልሆነም ነበር። የሰው ገንዘብ ነው ያባከንኩት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሪሴት ከመጫንሽ በፊት ጻፊ። ኮዱን፣ ሰዓቱን፣ ሲዘጋ የነበረውን ኸርዝ፣ አምፔርና የዲሲ ቮልቴጅ። አብዛኞቹ ድራይቮች ይህን በማኅደራቸው ያስቀምጡታል፣ የሚያየው ሰው ነው የጠፋው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ እንደዘጋ ጠይቂ። ሲነሳ ነው? እየሠራ ነው? ወይስ ሲቆም? ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

እየሠራ ሞቀብኝ ብሎ ከዘጋ የድራይቩን ፊልተርና ትንሿን ማቀዝቀዣ ፋን እዪ፤ አቧራ ነው ብዙውን ጊዜ። ኦቨርሎድ (ጭነት በዛብኝ) ካለ ደግሞ አንድ ሰው አየር አነሰን ብሎ ኸርዙን ከፍ አድርጎት እንደሆነ አጣሪ። ፋን የሚወስደው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ነው የሚጨምረው። ከ50 ወደ 55 ኸርዝ ስትወጪ ሞተሩ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠየቃል። ግራውንድ ፎልት (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው) ካለ ሞተሩንና ኬብሉን በሜገር ለኪ፣ ግን መጀመሪያ ኬብሉን ከድራይቩ ፍቺው። ሳትፈቺ ከለካሽ ደህናውን ድራይቭ በገዛ እጅሽ ታቃጥዪዋለሽ።

ነገ ስትገቢ የማቆሚያ ጊዜው ስንት ሰከንድ ላይ እንዳለ እዪና ጻፊልኝ። የድራይቩን የፎልት ማኅደርም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

አባትሽ