ምጣድሽ ደህና ነበር

ጅማ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል?

አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍልሽ «ምን ሆና ነው?» ማለትሽ አይቀርም። አብሽሪ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ልጁ አስራ ሁለተኛን ጨረሰ፣ እኔም ያው ነኝ፣ ዝናቡም ያው የምታውቂው ነው። የምጽፍልሽ ስለ ምጣድ ነው።

አዎ፣ ስለዚያ ምጣድ። ወደ ሐዋሳ ስትዛወሪ ዕቃሽን በረንዳ ላይ ደርድረሽ የሸጥሽ ዕለት «ላንቺ ስለሆነ 1,800 ብር» ብለሽ የሰጠሽኝ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ሳምንት ሳይሞላው፣ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ሶኬቱ ቀለጠ፤ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ የተረፈው ሊጥም ኮምጥጦ ተደፋ። እውነቱን ልንገርሽ፣ «እያወቀች ነው የሸጠችልኝ» አልኩ። ደውዬ እንዳልነግርሽ ይሉኝታ ያዘኝ፣ እንዳልተወው ደግሞ አንጀቴ አረረ። ስትደውዪ ሥራ ላይ ነኝ እያልኩ ሸሸሁሽ። ከዚያማ መጥፋቴ ራሱ አሳፈረኝና ይበልጥ ጠፋሁ። ምጣዱን በ150 ብር ለቆራሌው ሰጠሁት። ሸክላውን እዚያው በሬ ላይ ከስክሶ ብረቱን ብቻ ይዞ ሄደ።

ካንቺ ወዲህ ምን ዓመል እንደያዘኝ ታውቂያለሽ? ያገለገለ ዕቃ ማሳደድ። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ በኪቶ ፉርዲሳና በቦሳ ኪቶ በኩል ሰው ይነቀላል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ይዛወራል፣ ሌላው ለትምህርት ውጭ ይሄዳል። በር ላይ ካርቶን ይንጠለጠላል፣ «የቤት ዕቃ ይሸጣል፣ ደላላ አንፈልግም»። ገብተሽ ስታዪ የሰው ኑሮ ሣር ላይ ተዘርግቷል፤ ድስቱ፣ መጋረጃው፣ የሕፃኑ አልጋ። የመርካቶ ዕቃ ነጋዴዎች ከደረሱ በኋላ የሚተርፍሽ ክዳን የሌለው ድስት ስለሆነ በጠዋት ነው የምሄደው። የመኪና ቀን የቆረጠ ሰው ወደ ማታ ዋጋው ይለሰልሳል ይላሉ። ልክ ነው፣ ግን ከሰው ጭንቀት ላይ ብር መልቀም አልወድም። የምከፍለውን በጠዋት ተናግሬ እከፍላለሁ።

ፍራሽ በነፃ ቢሰጡኝም አልነካም፤ ትኋን አንዴ ከገባ ቤቱን ለቀሽለት መውጣት ነው። ፍሪጅ ከሆነ በሩ መሃል ወረቀት አስገብቼ እዘጋውና እስበዋለሁ። ሳይታገል ሾልኮ ከመጣ ጎማው አልቆለታል። እንጨት ላይ ግን አቅሌን እስታለሁ። ባለፈው አንድ ጡረተኛ አባት ግቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ክምር ሥር፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አገኘሁ። ገለበጥኩት። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው፤ መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈሉ ናቸው። መሃሉ በመቀመጥ ብዛት ጎድጎድ ብሎ እንደ ቅቤ ለስልሷል። ከሥሩ ነቀዝ የበሳቸው ቀዳዳዎች ነበሩና መሬት ላይ ጠብ ጠብ አደረግኩት። ዱቄት ቢረግፍ ኖሮ ነቀዙ ገና አለ ማለት ነበር። አልረገፈም። በ400 ብር ወሰድኩት። በቀለም አብለጭልጨው ለእንግዳ የሚሸጡት አዲሱ በርጩማ ከዚህ ጋር ሲተያይ መጫወቻ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጥር ላይ ሌላ ምጣድ ገዛሁ። አሁንማ ብልጥ ሆኛለሁ! ሸክላውን በጣቴ አንጓ ቆረቆርኩት፤ ጤነኛ ሸክላ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ደፍ ይላል። ሴትዮዋን አሰክቼ እስኪግል ጠበቅኩና ጠርዙም መሃሉም እኩል መጋሉን ውኃ እየረጨሁ አየሁ። እንከን አጣሁለት። ቤት አመጣሁት፣ በሁለተኛው ቀን ሶኬቱ ቀለጠ። ያው ግድግዳ፣ ያው ቦታ።

ኤሌክትሪክ የሚሠራ የሠፈር ልጅ ጠራሁ። የግድግዳውን ሶኬት ፈትቶ አሳየኝ፤ ሽቦው ከብሎኑ ላልቶ እንደ ከሰል ጠቁሯል። «እትዬ» አለኝ፣ «ይሄ ምጣድ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። የዚህ ሶኬት ጥጉ ደግሞ 16 አምፔር ነው። ሽቦው ሲላላ እዚያው ላይ ይግላል። ምጣዱማ ምን አደረገ?»

ቆሜ ቀረሁ። ልጁ የብሩ ነገር ያስደነገጠኝ መስሎት ዋጋ ቀነሰልኝ። ከቆጣሪው ወፍራም ሽቦ ስቦ ብሬከር አስገባልኝ፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እጋግራለሁ፣ አንድም ቀን አልሸተተም። ያንቺም እስከ ዛሬ ይጋግርልኝ ነበር። ይህን ካወቅኩ ስድስት ወር አለፈኝ፤ ስልኩን እያነሳሁ ስመልሰው ነው የቆየሁት። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። በርጩማውን ላንቺ አስቀምጬዋለሁ፤ በቅባት ወልውዬዋለሁ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። ትናንት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የአንድ ሟች ልብስ ሰፊ ባለቤት ዕቃ ስትሸጥ የእግር ሲንጀር የልብስ ስፌት ማሽን ገዛሁ። 9,000 ብላኝ በ7,500 ተስማማን። ገና ብሩን ስቆጥር ዝናቡ ወረደ፤ እሷ ማሽኑን በነጠላዋ ከልላ፣ እኔ እግሩን ጎትቼ፣ ባጃጅ ላይ እስክንጭነው ሁለታችንም በሰበስን። ሴትዮዋ ባጃጁ ከመንቀሳቀሱ በፊት መንኮራኩሩን በእጇ አንዴ አዙራ ለቀቀችው።

ልጄ ማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በስልኩ ፈልጎ ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ የተሠራ ነው አለኝ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል፤ ማሽኑ ግን በቅባት ብቻ ይዞራል። ችግሩ፣ ስሰፋበት ክሩ ከጨርቁ ሥር ይተበተብብኛል። የላዩን ክር አጥብቄም አላልቼም አየሁት፣ ያው ነው። የዚያን ቤት መጋረጃ ሁሉ የሰፋሽው አንቺ ነሽና የት ጋ እንደተሳሳትኩ አታጪውም። ደውዪልኝ፣ ስልኬ ያው ነው። አሁን አነሳለሁ።

ያንቺው