«ኮድ አያስፈልግም» ከተባለ በኋላ ያለው ሥራ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሆኜ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ፖለቲካም ስለ ዶላር ምንዛሪም አይደለም። በየቴሌግራም ቻናሉ «ስክረም ማስተር ሁኑ» እየተባለ ስለሚሸጠው ሥልጠና ነው። ስክረም የሶፍትዌር ቡድኖች ሥራቸውን በአጭር በአጭር ዙር ከፍለው የሚሠሩበት ሥርዓት ነው።

የማስታወቂያዎቹ ቃል አንድ ዓይነት ነው። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ በጥቂት ሳምንት ያልቃል፤ ሰርተፊኬት አለው፤ ደመወዙ በዶላር ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ይህን ስንሰማ ዓመታት አልፈዋል። ታክሲ መንዳትና ፓርኪንግ መሥራት የሰለቸው ስንቱ ወገናችን በዚህ በር ለመግባት ሞክሯል። የገቡም አሉ፤ አንዷ እኔ ነኝ። አሁን ግን ማስታወቂያው ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ደርሷል። የእህቴ ልጅ ከፍላ ልትመዘገብ ስትል ደውላ አማከረችኝ። ለእሷ ያልኳትን ለአንባቢዎቻችሁም ልበል።

አገር ቤት ሳለሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚህ የጀመርኩት በሶፍትዌር ፍተሻ ነው፤ ኪውኤ የሚሉት። ከዚያ ስክረም ማስተር ሆንኩ። ዛሬ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር በኮንትራት በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ሪሊዝ ትሬን ኢንጂነር ነኝ። በአንድ ትልቅ ሥራ ላይ የተሰማሩ ብዙ ቡድኖችን አስተባብራለሁ። ኮድ አልጽፍም። በዚህ በኩል ማስታወቂያው አልዋሸም።

የሚሸጠው ትምህርትስ ምንድን ነው? የስክረም ሕግጋት ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ ባዘጋጁት ስክረም ጋይድ ውስጥ ሰፍረዋል። የመጨረሻው እትም የ2020 ነው (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከ15 ገጽ አይበልጥም፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም ከዚያ ያነሰ ሰው ይኑረው ይላል። ሥራው ከአንድ ወር በማይበልጥ ዙር ይከፈል፤ ዙሩ ስፕሪንት ይባላል። ሠሪዎቹ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይገናኙ። በዙሩ መጨረሻ የተሠራው ይታይ፤ ከዚያም አሠራራችን የት ጋ እንደደከመ እንነጋገር። ምን ይቅደም የሚለውን ፕሮዳክት ኦነሩ ይወስናል። ስክረም ማስተሩ ቡድኑ በዚህ መንገድ እንዲሠራ ያግዛል፤ እንቅፋት ሲመጣም እንዲነሳ ያደርጋል። በቃ። የአንድ ከሰዓት ንባብ ነው። ለዚህ የወር ደመወዝ የሚያስከፍል ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ለምኑ እንደሆነ ይንገረን።

ጭንቁ የሚመጣው ቡድኑ አንድ መሆኑ ቀርቶ አሥር ቡድን ሲሆን ነው።

በሥልጠናው ላይ የሚሳለው ቡድን ሁሉን ነገር ራሱ ይሠራል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቡድን የለም። አንዱ ቡድን ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ ይሠራል። ሌላው የሚገባውን ሰው ማንነት ያረጋግጣል። ሦስተኛው ከስንት ዘመን በፊት የተሠራውን ዳታቤዝ ይዞ ተቀምጧል፤ ያለ እሱ ማንም አይንቀሳቀስም። የመጀመሪያው ቡድን ስፕሪንቱን በሰዓቱ ይጨርሳል፤ ጂራ በሚባለው የሥራ መከታተያ ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። ዳታቤዙ ጋ ያሉት ግን ገና አልጀመሩም። ስለዚህ ተጠቃሚው እጅ የደረሰ ነገር የለም። አለቆች አረንጓዴውን አይተው ይደሰታሉ፤ ለሁለት ወር ያህል።

ለዚህ መላ ብለው የተለያዩ ሰዎች የተለያየ ሥርዓት አውጥተዋል። ክሬግ ላርማንና ባስ ቮዴ ሌስ የሚባለውን አመጡ። እስከ ስምንት ቡድን ድረስ አንድ ፕሮዳክት ኦነርና አንድ የሥራ ዝርዝር ይበቃል ባዮች ናቸው። እኔ የምሠራበት ሴፍ ይባላል፤ ዲን ሌፊንግዌል በ2011 ያወጣው ነው። ከ50 እስከ 125 ሰው አንድ ላይ ያሰባስባል። ይህ ሁሉ ሰው በየ8 እስከ 12 ሳምንቱ ለሁለት ቀን ተቀምጦ ቀጣዩን ዙር ያቅዳል፤ ፒአይ ፕላኒንግ ይሉታል። ሴፍ ተቺው ብዙ ነው። ከበደ፣ ስብሰባ በዛ ይሉታል። ሐሰት አይደለም፤ እኔም ግማሹን ስብሰባ ባነሳው ደስ ይለኛል። ያንን የሁለት ቀን ዕቅድ ግን አልነካውም።

ትልቅ ሰሌዳ አለ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቡድን፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ስፕሪንት ነው። አንዱ ቡድን ከሌላው የሚጠብቀው ነገር ካለ ከካርዱ ወደ ካርዱ ቀይ ክር ይሳባል። ከኮቪድ ወዲህ ብዙዎቻችን የምንስበው በስክሪን ላይ ነው፤ የግድግዳው ይሻል ነበር። በሁለተኛው ቀን ሰሌዳው ሸማኔ ጀምሮ የተወው ድር ይመስላል። ክሩ ሁሉ ወደ አንድ ቡድን ከሄደ፣ ያ ቡድን የሁሉንም ዕቅድ ይዞ እንደሚወድቅ አለቃውም ሠራተኛውም እኩል ያየዋል። ይህንኑ በኢሜይል ብጽፈው አንባቢ አላገኝም።

መጨረሻ ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ በጣት። አምስት ጣት ያወጣ «እንጨርሰዋለን» ማለቱ ነው። አንድ ጣት «አይሆንም» ነው። አማካዩ ከሦስት ካነሰ ዕቅዱ እንደገና ይሠራል። አንድ ወይም ሁለት ጣት ያወጣ ሰው ደግሞ ምክንያቱን እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል። አንድ ጊዜ ሁሉም አራትና አምስት ሲያወጣ አንዲት ጀማሪ ፈታሽ ሁለት ጣት አወጣች። ክፍሉ ዞሮ አያት። ልጅቱ ፊቷ ቀላ፤ ግን ተናገረች። መሞከሪያው ሰርቨር አንድ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ስፕሪንት ሁለት ቡድን በአንድ ሳምንት ሊሞክርበት አቅዷል አለች። አርክቴክቱም፣ ፕሮዳክት ኦነሮቹም፣ እኔም ይህን አላየነውም ነበር። የአንዱ ቡድን ሥራ ወደ ቀጣዩ ስፕሪንት ተገፋ። ፕሮዳክት ኦነሩ ለጊዜው አኮረፈ፤ በኋላ ተወው።

የእኔ ሥራ እዚህ ጋ ነው ያለው። ስብሰባ መጥራት፣ ሰዓት መያዝ፣ ጂራ ማስሞላት ማንም ይችላል። ሁለት ጣት ያወጣችው ልጅ ሳትሸማቀቅ ተናግራ እንድትቀመጥ፣ የተናገረችውም በዚያው ቀን ዕቅዱ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ግን ጉልበት ይጠይቃል። ትልቅ ሰው ፊት አፍ መክፈት ነውር ነው ተብለን ላደግን ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ ከራሳችን ጋር የሚያታግል ነገር ነው። በሰርተፊኬቱ ፈተና ላይ ይህ አይጠየቅም።

እንዲህ ሳይሆን ሲቀር የሚመጣውን የዚህ አካባቢ ሰው አይቷል። ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ተከፈተ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ መግዣ ድረ ገጽ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን መጨረስ የቻለው ሰው ስድስት ብቻ ነበር። በመላ አገሪቱ ማለቴ ነው! ሥራው ለ55 ኮንትራክተሮች ተከፋፍሎ ነበር። ኮንግረስ ፊት የቀረቡት የኮንትራክተር ኃላፊዎች ሁሉም ክፍል ተገጣጥሞ ከዳር እስከ ዳር የተፈተሸው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው መሆኑን ተናገሩ። ሁሉም የየራሱን ድርሻ ይዞ ነበር። መሐል ላይ ያለውን የያዘ ሰው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔ ከውድቀቱ ይበልጣል። ኋይት ሐውስ ጄፍ ዛየንትስን ላከ፤ ከጉግል የመጣው ማይኪ ዲከርሰንም ተጨመረ። ኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ በአንድ ማዕከል ውስጥ በየቀኑ ጠዋትና ማታ አጭር ስብሰባ ይደረግ ጀመር። ዲከርሰን ደንቡን ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ስብሰባው ችግር ለመፍታት ነው፤ ጥፋተኛ መፈለግ የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ። የሚናገረው ነገሩን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው ነው እንጂ ሹመቱ ከፍ ያለው አይደለም። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ድረ ገጹ በአንድ ጊዜ 50,000 ሰው ማስተናገድ እንደሚችል ተነገረ። ፕሮግራመሮቹ አብዛኞቹ የነበሩት ናቸው። የየቀኑን ስብሰባ «15 ደቂቃ፣ ቆሞ» ብሎ የሚያስተምር ሁሉ ይህን ታሪክ ቢጨምርበት ምን አለ?

አሁን ስለ ገበያው። «ኮድ አያስፈልግም» የሚለው ነገር ሌላ ጎን አለው። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ማክሊን፣ ቨርጂኒያ የሆነው ካፒታል ዋን የተባለው ባንክ በ2023 መጀመሪያ የአጃይል ሥራ መደቦቹን፣ ማለትም እንደ ስክረም ማስተር ያሉትን፣ አጠፈ። ወደ 1,100 የሚሆኑ ሰዎች ተነኩ። ሥራውን ኢንጂነሮቹና ፕሮዳክት ማኔጀሮቹ ደርበው እንዲይዙት ተደረገ። በማስታወቂያዎቹ ላይ ይህን አንብቤ አላውቅም።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንድ አሠልጣኝ ያልሠራችሁትን ሥራ በሲቪያችሁ ላይ ጽፎ ይሰጣችኋል። የአምስት ዓመት ልምድ፣ የማታውቁት ድርጅት ስም፣ ሁሉም ነገር ተሟልቶ። እኔ ሥራ ፈላጊዎችን ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ። ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሌላ ቡድን ዘግይቶባችሁ ዕቅዳችሁ የተበላሸበትን ጊዜ ንገሩኝ። የሠራ ሰው ይስቃል፤ ከየትኛው ልጀምር ይላል። ያልሠራው የስክረምን ትርጉም በቃሉ ይነግረኛል። ከእኛ ልጆች አንዱ ሲሆን ደግሞ ልቤ ይደማል። የተታለለው መጀመሪያ እሱ ነውና።

አዲስ አበባ ሆኖ በዶላር የመቀጠሩን ነገርም ላንሳ። እኔ ያለሁበት ዓይነት የመንግሥት ኮንትራት ሥራ አብዛኛው ሠራተኛው አሜሪካ ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃል። የግል ድርጅቶች ከውጭ ሲቀጥሩ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ኮድ የሚጽፍ ሰው ነው። ልምድ የሌለው ስክረም ማስተር ከሌላ አህጉር የሚቀጥር ድርጅት እስካሁን አልገጠመኝም።

የእህቴ ልጅ የምትሠራው ባንክ ውስጥ ነው። የሞባይል መተግበሪያ የሚሠራ ቡድን አላቸው። ጋይዱን በነፃ አንብቢ አልኳት። ብሩን ያዢው። ከዚያ የቅርንጫፍ ሥራሽን ሳትለቂ መተግበሪያው ሲሞከር አብረሽ ለመፈተሽ ጠይቂ፤ ደንበኛ የት ጋ እንደሚቸገር ከፕሮግራመሩ በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ኤስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ ቋንቋ ጎን ለጎን ተማሪ፤ ለሒሳብ ሰው አይከብድም። አንድ ዓመት ከፈታሾች ጋር የተቀመጠ ሰው ማን ማንን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ስክረም ማስተርነት ያኔ ይደረስበታል። መልሷ «ቆይ አስብበታለሁ» ነበር፤ ደስ ያላት አልመሰለኝም።

አዘጋጁ ሆይ፣ ስለ እነዚህ ሥልጠናዎች የሚጽፍ ጋዜጠኛ ብትመድቡ ደስ ይለኛል። አሠልጣኞቹን ካለፈው ዙር ተመራቂዎች ስንቱ በዚህ ሙያ ተቀጥሮ እየሠራ እንደሆነ ይጠይቅልን። አሠልጣኙ ራሱ ከስንት ቡድን ጋር፣ በምን ሥራ ላይ እንደሠራ ይጠይቅልን። ሲቪው በማን እንደሚጻፍም ጭምር። በትክክል የሚያስተምሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነሱ በመጠየቃቸው አይከፉም። መልስ ያለው በዚሁ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
(ስሜን ለዝግጅት ክፍሉ ገልጫለሁ)