እናት የምትጦረው ብር በመላክ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሽማግሌ ሲመርቀን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይለናል፣ እኛም አሜን እንላለን። ጧሪው ማን እንደሚሆን፣ ወጪው ከየት እንደሚወጣ ግን ልጆች ቁጭ ብለን አንነጋገርም።

የእኛን ቤት ልንገራችሁ። ሁላችንም ሥራ ይዘን ተበትነናል፤ እናታችን ጋ የቀረችው ታናሽ እህታችን ናት። ሌሊት ደግፋ ሽንት ቤት የምታደርሳት፣ ወጡን ጨው ቀንሳ ለብቻ የምትሠራላት፣ የደም ግፊት ኪኒኗን ሰዓት ጠብቃ የምትሰጣት እሷ ናት። ልብስ ትሰፋ ነበር። አሁን የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቆሟል። ታዲያ በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባ የመጣው ወንድማችን ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «ምነው እማዬ ከሳች? የምልከው ብር የት ገባ?» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር አንጀት ይቆርጣል!

ብሩ የት እንደገባማ ደብተሩ ላይ አለ። የመድኃኒት፣ የዳይፐር፣ ሐኪም ቤት የተመላለሱበት ባጃጅ፣ ሁሉም በቀኑ ተጽፏል። የአባታችን ጡረታ ለእናታችን ግማሹ ብቻ ነው የሚደርሳት፣ ሕጉ ለሟች ሚስት 50 በመቶ ነው የሚለው፤ በዚያ ላይ ካከራየናት ሰርቪስ ክፍል የሚገኘው ኪራይ ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ መዋጮ ነው። ደብተሩ ላይ የሌለው የእህታችን ጉልበት ነው። ወር በገባ ቁጥር ለእሷም ተቆርጦ ይሰጣት ነው የምለው። ውለታ አይደለም፣ ድርሻዋ ነው። የቤተሰብ ሕጉም ራሱን መርዳት ላቃተው ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ የጣለው በልጆች ላይ ነው፤ አብሮ በሚኖረው ልጅ ላይ ብቻ አላለም።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ነው። የኤቲኤም ካርድና የሚስጥር ቁጥር መያዝ ውክልና አይደለም። ወላጅ ነፍሱን እያወቀ፣ ልጆች ባሉበት፣ ተነቦለት ውክልና ይስጥ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ ለመሸጥ ተብሎ በግልጽ የተሰጠ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ሰጪው ሲሞት ወይም በሕግ ፊት ለራሱ የመወሰን ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል፤ ስንቱ ነው ከቀብር በኋላ በዚያው ወረቀት ብር እያወጣ ከወንድሙ ጋር ፍርድ ቤት የሚቆመው! ኑዛዜም ቢሆን ሌላ ሰው የሚጽፈው ከሆነ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፣ ከምስክሮቹ አንዱ ሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። አልጋ ላይ ያለች እናት እጇን ይዞ አሻራ ማስነሳት ግን ነውር ነው፣ ወንጀልም ነው።

እናንተም የሕግ ባለሙያ ጋብዛችሁ ስለ ውክልናና ስለ ጡረታ በሰፊው አስጽፉልን። የሰፈራችን እድርተኛ ጋዜጣችሁን እየተቀባበለ ነው የሚያነበው።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ