ጣሪያው ላይ ሳይወጣ «ጣሪያው ደህና ነው» ስለተባለበት የምርመራ ሪፖርት

ለ፦ የተሽከርካሪ ምርመራ ድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ያገለገለ ሞተርሆም ከመግዛቴ በፊት ስላደረጋችሁልኝ ምርመራ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ሁለት ሳምንት ታግሻለሁ። ሁለት ጊዜ ደውዬ «እንደውልልዎታለን» ተብያለሁ። እስካሁን የደወለልኝ ሰው የለም። ስለዚህ ጉዳዩን በጽሑፍ ላስረዳችሁ።

ልገዛው የነበረው መኪና አልጋው፣ ማእድ ቤቱና መታጠቢያው ሁሉ ውስጡ ያለ ሞተርሆም ነው። ስለ ሞተር ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ስለ ቤቱ ክፍል ግን ምንም አላውቅም። ወደ እናንተ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ሻጩ «ሌላ ገዢ አለ» እያለ ያጣድፈኝ ነበር። እኔ ግን ባለሙያ ሳያየው ገንዘቤን አላወጣም ብዬ ቆየሁ።

የላካችሁት ወጣት መጣ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨርሶ ሄደ። በማግስቱ ሦስት ገጽ ሪፖርት ደረሰኝ። ከሁሉም ነገር አጠገብ «ደህና» የሚል ምልክት አለበት። ያንን ወረቀት አምኜ የዚያኑ ቀን ፈረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ልጄ ከሾፌሩ ወንበር በላይ ያለው አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሌሊት ላይ «አባዬ፣ ፍራሹ ቀዘቀዘኝ» አለችኝ። እጄን ስሰድ ፍራሹ ርሷል። ጥጉ ላይ ያለውን የግድግዳ ልባስ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ራሰ ዳቦ ወደ ውስጥ ገባ። ጠዋት ልባሱን ገለጥ አድርጌ በካቻቢቴ ወጋሁት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ። ኮምፔንሳቶው ጠቁሯል፣ ሻጋታው ይሸታል። እንጨት በአንድ ዝናብ እንዲህ አይሆንም። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲገባ የኖረ ነው።

መኪናውን ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው መጀመሪያ ያደረገው ነገር መሰላል አቁሞ ጣሪያው ላይ መውጣት ነው። የፊተኛው መጋጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ ተሰነጣጥቋል። አንድ ሰው በአሮጌው ላይ አዲስ ሲሊኮን ደርቦበታል፤ ቀለሙ ራሱ ይለያል። ከዚያ ወርዶ የመኪናው ጥግ ላይ ቆመና በግድግዳው ርዝመት አሻግሮ እንዳይ ነገረኝ። ፊት ለፊት ስታዩት ለጥ ያለ ግድግዳ ነው። ከጥግ ሆናችሁ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ስታዩት ግን እብጠቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የውጭው የፋይበርግላስ ልባስ ከሥሩ ካለው ኮምፔንሳቶ ተላቋል ማለት ነው። በእርጥበት መለኪያው ደረቅ የሆነው ቦታ ከ15 በመቶ በታች ሲያነብ፣ ያ ጥግ ከ30 በመቶ በላይ አነበበ። ይህን ሁሉ ለማየት ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም።

የዚህ ዓይነት መኪና ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ሞተር ይጠገናል፣ ጎማ ይቀየራል። የበሰበሰ ግድግዳ ግን ተፈትቶ እንደገና መሠራት አለበት። ይህን እኔ ባላውቅ አይፈረድብኝም። እናንተ ግን ሥራችሁ ነው።

ሌላውም ከዚህ አይሻልም። የውሃ ፓምፑና ቧንቧዎቹ «ደህና» ተብለዋል። የውሃ ታንከሩ ግን በዚያን ቀን ባዶ ነበር፤ ሻጩም አልካደም። ውሃ ሞልቼ ፓምፑን ሳበራው፣ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው እያለ ደቂቃ በደቂቃ ይነሳል። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሲያፈስ አገኘሁት። ፍሪጁም እንዲሁ ነው። ይህ ፍሪጅ እንደ ቤት ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም፤ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት ነው የሚሠራው፣ ለመቀዝቀዝም ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ሻጩ ከዋዜማው ጀምሮ እንዲያበራው መንገር ይቻል ነበር። ባለሙያችሁ በሩን ከፈተ፣ መብራቱ በራ፣ «ይሠራል» ብሎ ጻፈ።

ጎማዎቹም «ጥሩ» ተብለዋል። ጥርሳቸው እውነትም አልተበላም። ግን ሞተርሆም ብዙውን ጊዜ ቆሞ የሚውል መኪና ስለሆነ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። የእኔዎቹ 1112 ይላሉ፤ በፈረንጆች 2012 በ11ኛው ሳምንት የተሠሩ ናቸው። ጎንበስ ብሎ ማንበብ ብቻ ነበር።

ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያቆሰለው ጋዝ ሲያፈስ የሚያስጠነቅቀው የጋዝ ጠቋሚ ነው። ፕሮፔን የተባለው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ጠቋሚው ወለሉ አጠገብ ነው የሚገጠመው። የአገልግሎት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ ቀኑም እላዩ ላይ ተጽፏል። ሪፖርታችሁ ግን «ደህና» ይላል። እኔም እሱን አምኜ በዚያ መኪና ውስጥ ልጆቼን አስተኝቻለሁ።

እውነት ለመናገር ባለሙያችሁ የሞተሩን ክፍል በደንብ አይቶታል። የፍሬኑና የቀበቶው ነገር እንዳለው ሆኖ ነው የተገኘው። ያንን አልክድም። በልጁም ላይ ቂም የለኝም፤ በአንድ ቀን ስንት መኪና እንዲያይ እንደምትልኩት እናንተ ታውቃላችሁ። ቅሬታዬ ያልታየው ሁሉ «ደህና» መባሉ ነው። «ጣሪያው አልታየም፣ መሰላል አልነበረም» ብሎ ቢጽፍልኝ ኖሮ መሰላል እኔ ፈልጌ አመጣ ነበር። ወይም አልገዛም ነበር።

ስለዚህ የምርመራውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንድትመልሱልኝ፣ የግድግዳውን ጥገና ወጪም እንድትጋሩኝ እጠይቃለሁ። የጠጋኙን የወጪ ግምትና ፎቶዎቹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ባለሙያችሁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከነበረ ያነሳውን ፎቶ ላኩልኝ። ሌላው ጥያቄዬ ለሚቀጥለው ደንበኛ ነው፤ ቅጻችሁ ላይ «አልተመረመረም» የሚል ቦታ ጨምሩ። አሁን ያለው «ደህና» እና «ችግር አለበት» ብቻ ነው። ያላየውን ነገር የት ላይ ምልክት ያድርግበት?

በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። ካልሆነ ጉዳዩን ለሸማቾች ጥበቃ አካል አቀርባለሁ። ጥገናው እስኪጀመር የግድግዳውን ልባስ እንደተገለጠ ትቼዋለሁ። መጥታችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ